እንዴት ይሠራል? የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል ሠራዊት

አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጉና ከጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ ያለውን ርዝመት ተመልከቱ። ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ዛሬ የምናወራለት ወታደር ቁመቱ ይኸው ነው። ቆብ አድርጓል፣ ጠመንጃ ይዟል፣ በጀርባው ቦርሳ ተሸክሟል፤ የኮቱ እጥፋት ሳይቀር ተቀርጿል። ብቻውንም አይደለም፤ ሃያ ሦስት ጓዶች አሉት።

እነዚህን ምስሎች ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ በሜትር እየለኩና ዳይስ እየወረወሩ የድሮ ውጊያዎችን እንደገና የሚዋጉ ሰዎች አሉ። ጨዋታው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 የአሻንጉሊት ወታደሮችን ጦርነት ሕግ የሚያስረዳ «ሊትል ዋርስ» የተባለ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር።

ምስሎቹ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት ሳይቀቡ ነው። ከፕላስቲክ ወይም ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ቀለም ስላልነካቸው ሃያ አራቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ከሩቅ የግራጫ ክምር ብቻ ይታያል። ገዢው እቤቱ ቁጭ ብሎ ይቀባቸዋል። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ማዶ ያለ ሰው የቀይ ኮት ሰልፍ ያያል፣ መኮንኑን ይለያል፣ ፊታቸው ላይ ብርሃን ያረፈ ይመስለዋል።

ይህ ለውጥ እንዴት ይመጣል? ለማወቅ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። አንድ ስኒ ቡና፣ አንድ ሳንቲም፣ አንድ ብሩሽና አንድ ቆርኪ ካላችሁ ዘዴውን በሙሉ እቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ወደ ኳስ ሜዳ

ቀለሙን ከመክፈታችን በፊት ግን ወጣ እንበል። ሰፈራችሁ ውስጥ ደንበኛ የኳስ ሜዳ ካለ እናንተ በአንዱ የጎን መስመር ላይ ቁሙ፤ ጓደኛችሁ ደግሞ ማዶ ባለው ይቁም። የአንድ ሙሉ ሜዳ ወርድ ከ60 ሜትር ትንሽ ያልፋል።

አሁን ጓደኛችሁን ተመልከቱት። የሸሚዙን ቀለም ታያላችሁ። ሱሪው የት እንደሚጀምር፣ ፊቱ የት እንዳለ፣ እጁን ኪሱ ከቶ እንደሆነም ታውቃላችሁ። የሸሚዙን ቁልፎች ቁጠሩ ብትባሉ ግን አትችሉም። ዓይኑን ወዴት እንደጣለም አታውቁም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። «ባለ 28 ሚሊ ሜትር» የሚባለው ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ከእግሩ እስከ ዓይኑ ነው። የአንድ ሰው ዓይን ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። 1.6 ሜትር ለ28 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 57 ይመጣል፤ ለአያያዝ እንዲመች 60 እንበለው። እንግዲህ ምስሉን በአንድ ሜትር ርቀት ስታዩት ለዓይናችሁ የሚደርሰው መጠን እውነተኛው ሰው በ60 ሜትር ርቀት ሲቆም ከሚደርሰው ጋር እኩል ነው።

ጤነኛ ዓይን ከአንድ ሜትር ላይ ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር የሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ ነው። በ60 ሜትር ደግሞ ይኸው ድንበር ወደ 1.8 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የኮት ቁልፍ እዚያው ድንበሩ ላይ ይወድቃል። በዓይናችን ውስጥ ያለው ባለ ቀለም ክብ 1.2 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከድንበሩ በታች ነው።

የሥራው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎበዝ ቀቢ የሚቀባው ከ60 ሜትር የሚታየውን ወታደር ነው። ከዚያ ርቀት የማይታየውን ይተወዋል፤ የሚታየውን ደግሞ ሆን ብሎ ያጎላዋል።

ለምን ያጎላዋል? እቤት ስትመለሱ ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አስምሩ፤ አንዱን በእርሳስ ሳትጫኑ፣ ሌላውን በጥቁር እስክሪብቶ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉና ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ተመልከቱ። የውፍረታቸው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም የእርሳሱ መስመር ቀድሞ ይጠፋል። ዓይን ሰፊ ነገር ላይ ስስ የቀለም ልዩነትን ይለያል፤ ነገሩ ሲያንስ ግን ልዩነቱ ካልበረታ አያየውም። በምስሉ ኮት ላይ የተቀረጸው እጥፋትም የእርሳሱ መስመር ዕጣ ነው የሚደርሰው፤ አለ፣ ግን አይታይም።

ማንን እንቀባለን?

ለምሳሌ እንዲሆነን የእንግሊዝን 44ኛ እግረኛ ሬጅመንት እንውሰድ። ሁለተኛው ሻለቃው እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1815 ከብራስልስ በስተደቡብ፣ ዋተርሉ ላይ ከናፖሊዮን ጦር ጋር ተዋግቷል። ጥቂት መቶ ሰዎች የነበሩትን ሻለቃ በጠረጴዛው ላይ ሃያ አራት ምስሎች ይወክሉታል።

የዚህ ወታደር ልብስ ለእኛ የተመቸ ነው። ኮቱ ቀይ፣ ሱሪው ግራጫ፣ ቆቡ ጥቁር ነው። ደረቱ ላይ ሁለት ነጭ ማንገቻዎች ይጠላለፋሉ። ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ ቢጫ ነው። ቀይ ኮት የእንግሊዝ እግረኞች አብዛኞቹ ይለብሱት ስለነበር ሬጅመንቱን የሚያስታውቀው የኮሌታና የእጅጌ ቀለም ነው። 44ኛው ቢጫ፣ 42ኛው ሰማያዊ፣ 33ኛው ቀይ ነበረው።

ልብ በሉ፤ ያን ጊዜም ዓላማው በሩቁ መታወቅ ነበር። የባሩድ ጭስ በሞላበት ሜዳ ላይ ጄኔራሉ የራሱን ጦር የሚያውቀው በቀለምና በባንዲራ ነው። ልብሱ ራሱ ለሩቅ ዓይን ታስቦ ስለተሠራ የቀቢው ሥራ በከፊል አልቆ ይጠብቀዋል።

ላርጎና ቆርኪ

ሥራው የሚጀመረው ከዕቃ ማጠቢያው ነው። ፋብሪካው ምስሉን ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ ለማላቀቅ ቅባትነት ያለው ነገር ሊጠቀም ይችላል። የዚያ ቅባት ርዝራዥ ከቀረ ቀለም አይይዝም።

ይህን ለማየት ንጹሕ የሸክላ ሰሃን አምጡና በግማሹ ላይ ዘይት በጣታችሁ አሹበት። ከዚያ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ንጹሑ ላይ ውሃው ይንሰራፋል፤ ዘይቱ ላይ ግን ተሰብስቦ እንክብል ይሠራል። ቀለማችን በውሃ የተበጠበጠ ስለሆነ ያው ይደርስበታል። ስለዚህ ምስሎቹን ለብ ባለ ውሃና በላርጎ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቧቸውና አድርቋቸው።

ቀጥሎ ቆርኪ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ምስል በትንሽ ማስቲሽ በቆርኪ ጀርባ ላይ ለጥፉት። ከዚያ በኋላ የምትይዙት ቆርኪውን ነው። የጣት ወዝ ቀለም ስለሚያበላሽ ምስሉን በእጅ አለመንካት ትልቅ ጥቅም አለው። ቆርኪውን እያዞራችሁ በሁሉም በኩል መድረስም ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው ቅብ ፕራይመር ይባላል፤ ብዙ ጊዜ በስፕሬይ ይነፋል። ፕላስቲክና ብረት ልስልስ ስለሆኑ ቀለም የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ፕራይመሩ በደንብ ይጣበቅባቸውና በላያቸው ሻካራ ገጽ ይፈጥራል፤ ቀጣዩ ቀለም የሚይዘው እሱን ነው። ስፕሬዩን ደጅ ወጥታችሁ ንፉ፤ እቤት ውስጥ ለሳንባም ለዕቃም አይበጅም።

ብሩሹ ለምን ይሾላል?

አሁን ማንኛውንም የሥዕል ብሩሽ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ንከሩና ከጎን ተመልከቱት። ውሃው ውስጥ እያለ ፀጉሩ ተበታትኖ ይታያል። ቀስ ብላችሁ አውጡት። ወዲያው ይሰበሰብና ጫፉ ይሾላል።

ፀጉሩን የሚሰበስበው ውሃነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብርጭቆው ውስጥም በተሰበሰበ ነበር። የሚሰበስበው የውሃው ገጽ ነው። ውሃ ከአየር ጋር በሚገናኝበት ገጹ ላይ ሁልጊዜ ስፋቱን ለመቀነስ ይሳባል። ብሩሹ ሲወጣ ይህ ገጽ በፀጉሩ ዙሪያ ይኖራል፤ ሲሳብም ፀጉሩን አብሮ ያጠብቀዋል። ብርጭቆው ውስጥ ግን በፀጉሩ መካከል አየር ስለሌለ የሚስበው ገጽ የለም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ጀማሪዎች ትንሽ ነገር በትንሽ ብሩሽ የሚቀባ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሦስት ፀጉር ብቻ ያለው ብሩሽ የሚይዘው ቀለም በጣም ትንሽ ስለሆነ ገና ምስሉ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። መካከለኛ ሆኖ ጫፉ በደንብ የሚሾል ብሩሽ ሆዱ ውስጥ ቀለም ያጠራቅማል፤ በጫፉ ደግሞ ቀጭን መስመር ያወጣል።

ብሩሹን ፀጉሩ ብረቱ ውስጥ እስከሚገባበት ድረስ ቀለም ውስጥ አትንከሩት። እዚያ የደረቀ ቀለም ፀጉሩን ይፈለቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ብሩሹ አይሾልም። ጫፉን በምላስ ማሾል የለመዳችሁም ተዉት፤ አንዳንድ ቀለሞችና የቆዩ የብረት ምስሎች ለጤና የማይበጁ ነገሮች አሉባቸው።

ቀለምና ስፖንጅ

ቀለሙ አክሪሊክ የሚባለው ነው። በውሃ ከሚበጠበጠው የግድግዳ ቀለም ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ግድግዳ ያስቀባ ሰው ባሕርዩን ያውቀዋል፤ እጅ ላይ እንደ ነካ በውሃ ይታጠባል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ውሃ አይመልሰውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቀለሙ ውስጥ እጅግ ደቃቃ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይዋሃዳሉና አንድ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ከተዋሃዱ በኋላ ውሃ አይለያያቸውም። ለዚህ ነው በደረቀ ቀይ ላይ ቢጫ ስንቀባ ቀዩ የማይሟሟው፤ ቀለም በቀለም ላይ መደራረብ የሚቻለውም በዚሁ ነው።

ችግሩ ቶሎ መድረቁ ነው። ሃያ አራት ኮት ቀብታችሁ ሳትጨርሱ ሰሃኑ ላይ ያለው ቀለም ቆዳ ያወጣል። መፍትሔው ከወጥ ቤት ይመጣል። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ የራሰ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አስቀምጡ፤ በላዩ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ አድርጉ። ወረቀቱ እርጥበት የሚያሳልፈው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ከላይ የተነነው ውሃ ከታች ይተካል። ስትጨርሱ ከከደናችሁት ቀለሙ በማግሥቱም ይሠራል።

ቀለሙን ሁልጊዜ በጥቂት ውሃ አቅጥኑት። አንድ ወፍራም ቅብ የተቀረጸውን እጥፋት ይደፍነዋል። ሁለት ስስ ቅብ ግን ቀለሙን እኩል ያደርጋል፤ ቅርጹንም አይሸፍንም።

ወታደሩ እንደሚለብስ ቀቡት

ሃያ አራት ምስል አንድ በአንድ የሚጨርስ ሰው ቀይ ቀለም ሃያ አራት ጊዜ ይከፍታል፣ ብሩሹንም በየቀለሙ መካከል ያጥባል። ልምድ ያለው ሰው አንድ ቀለም ይይዝና ሃያ አራቱን በተራ ያዳርሳል። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ደርቆ ስለሚጠብቀው ሥራ አይፈታም። የሁሉም ኮት ከአንድ ብጥብጥ ስለተቀባም ሰልፉ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን ለማስታወስ ወታደሩ ጠዋት ሲነሣ እንዴት እንደሚለብስ አስቡ። መጀመሪያ ገላው አለ፤ ፊትና እጅ ይቀባል። ከዚያ ሱሪው፣ ቀጥሎ ኮቱ፣ በኮቱ ላይ ማንገቻው፣ በመጨረሻ ቦርሳውና ጠመንጃው። ወደ ውስጥ የገባው መጀመሪያ ከተቀባ፣ ብሩሹ አልፎ ጎረቤቱን ቢነካ እንኳ ቀጣዩ ቀለም ይሸፍነዋል። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ነጩን ማንገቻ ከጨረሳችሁ በኋላ ቀዩን ታፈስሱበታላችሁ።

አሁን ቡናው

ኮቱ ቀይ፣ ሱሪው ግራጫ ሆኗል፤ ግን አሁንም ምስሉ ጠፍጣፋ ይመስላል። ጥላ ያስፈልገዋል። ወታደሩን በሕይወት ያለ የሚያስመስለው ይህ ደረጃ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ከጀበናው ጥቁር ቡና ስትቀዱ አንድ ጠብታ በነጭ ሰሃን ላይ አድርጉና ሳትነኩት ይድረቅ። ሲደርቅ መሐሉ ፈዘዝ ይላል፤ ጠርዙ ግን ጠቁሮ ቀለበት ይሠራል። ይህን ቀለበት በየጠረጴዛችን ላይ ስንት ጊዜ ጠርገነዋል! የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለምን እንደሚፈጠር ያብራሩት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

የጠብታው ጠርዝ ሰሃኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ አይሸሽም። ጠርዙ ስስ ስለሆነ ውሃው ከዚያ በፍጥነት ይተናል። የጎደለውን ለመተካት ከመሐል ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ሲፈስም የቡናውን ደቃቅ ቅንጣት ይዞ ይሄዳል። ውሃው ይተናል፣ ቅንጣቱ ጠርዙ ላይ ይከማቻል።

ሁለተኛ ሙከራ። የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ከስኒው ሥር የቀረውን ጥቅጥቅ ያለ ቡና አፍስሱና ከላይ በጣታችሁ ጠረግ አድርጉት። ቡናው በጽሑፉና በምስሉ ዙሪያ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይቀራል፤ ከፍ ያለው ቦታ ንጹሕ ይሆናል። የአንበሳው ጎፈር በድንገት ጎልቶ ይወጣል። ስትጨርሱ ሳንቲሙን እጠቡት።

ቀቢው ወታደሩ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዋሽ የሚባል፣ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በሙሉ ምስሉ ላይ ያፈስሳል። ፈሳሹ ወደ እጥፋቱ፣ በማንገቻውና በኮቱ መካከል ወዳለው ስንጥቅ፣ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል። ሲደርቅ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ጥላ ይይዛል። ጥላው የት እንደሚያርፍ ቀቢው ማሰብ አላስፈለገውም፤ ፈሳሹ ራሱ መንገዱን አገኘ።

የቡናው ቀለበት ግን እዚህም ያስቸግራል። ቦርሳውን በመሰለ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዋሹ ከተጠራቀመ ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። ሁለት መከላከያ አለ። አንደኛው፣ ሳይደርቅ በደረቀ ብሩሽ ጫፍ የተጠራቀመውን መምጠጥ ነው። ሁለተኛው፣ የውሃውን ገጽ የሚያላላ ነገር መጨመር ነው። ሌላ የቡና ጠብታ ሰሃኑ ላይ አድርጉና በስቴኪኒ ጫፍ ላርጎ ንኩበት፤ ጠብታው ወዲያው ይንሰራፋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዋሽ ብዙውን ጊዜ ይህን ሥራ የሚሠራ ነገር አለበት።

ሳንቲሙ በሌላ መንገድ

ጥላው ገብቷል፤ አሁን ብርሃኑ ቀረ። ልጅ ሆናችሁ ሳንቲም ወረቀት ሥር አድርጋችሁ በእርሳስ ጎን ፈግፍጋችሁ ታውቃላችሁ። ምስሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ምክንያቱም እርሳሱ የሚነካው ከፍ ያለውን ብቻ ነው።

በደረቅ ብሩሽ መቀባት ይኸው ነው። ብሩሹን ፈካ ያለ ቀለም ውስጥ ንከሩት፤ ከዚያ ምንም የቀረ እስከማይመስል ድረስ ሶፍት ላይ ጥረጉት። በዚያ ብሩሽ የምስሉን ገጽ እየደባበሳችሁ እለፉ። የቀረችው ጥቂት ቀለም የምትይዘው የእጥፋቱን ጫፍ፣ የቦርሳውን ጠርዝ፣ የቆቡን ዳር ብቻ ነው። ዋሹ ዝቅ ያለውን አጠቆረ፣ ደረቁ ብሩሽ ከፍ ያለውን አፈካ። የእርሳሱ መስመር እስክሪብቶ ሆነ ማለት ነው።

ሁለት ቀለሞች ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ቆቡን በንጹሕ ጥቁር ከቀባችሁት ከጥቁር የሚጠቁር ስለሌለ ጥላ አይታይበትም፤ ስለዚህ ጥቁር ግራጫ ተጠቀሙ። ነጩን ማንገቻ ከመጀመሪያው በንጹሕ ነጭ ከቀባችሁት ደግሞ ብርሃኑን የምታሳዩበት ቀለም አይቀራችሁም። ከፈዛዛ ግራጫ ወይም ከክሬም ጀምሩ፤ ንጹሑን ነጭ ለጫፉ ብቻ አስቀሩት።

ይህ ምክር እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ይህን ጨዋታ ከሚጫወቱት መካከል የዓድዋን ጦርነት የሚያሰልፉም አሉ። የ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተዋጊ አብዛኛው የለበሰው የጥጥ ሸማ ነው፤ አንድ ወጥ የደንብ ልብስ አልነበረውም። እዚያ ጥበቡ የነጭን ዓይነት ማብዛት ነው፤ አንዱን ክሬም፣ አንዱን አቧራ የነካው፣ አንዱን አዲስ የታጠበ ማድረግ።

በነገራችን ላይ ይህንን የሩቅ ዓይን ችግር የእኛ ባህላዊ ሠዓሊዎች ቀድመው ፈትተውታል። በዓድዋ ሥዕሎች ላይ በትንሽ ቦታ ብዙ ሰው ተሰልፏል፤ ግን አንዱ ከሌላው አይቀላቀልም። እያንዳንዱ ቀለም በጥቁር መስመር ታጥሯልና። ወገን በሁለት ዓይኑ፣ ጠላት በጎን ፊቱ በአንድ ዓይን ስለሚሣልም ተመልካቹ ከማዶ ሆኖ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። የምስል ቀቢዎችም በማንገቻና በኮት መካከል ጥቁር መስመር የሚያሰምሩት ለዚሁ ነው።

መኮንኑን ለመለየት

በ1815 የተራው ወታደር ኮት የሚነከረው ማደር ከሚባል ተክል ሥር በሚወጣ ቀለም ነበር፤ ቀዩ ደብዘዝ ይላል። የመኮንኑ ኮት ግን በኮቺኒል የተነከረ ደማቅ ቀይ ነበር። ኮቺኒል በበለስ ቁልቋል ላይ የሚኖር፣ መነሻው አሜሪካ የሆነ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ለቀለም ተብሎ ትግራይ ከገባ በኋላ የአካባቢውን በለስ ያጠቃው ነፍሳት ራሱ ነው።

ታሪኩ ለቀቢው ሥራ ያቀልለታል። ወታደሮቹን በደብዛዛ ቀይ፣ መኮንኑን በደማቅ ቀይ ቀቡ። ተጫዋቹ ምክንያቱን ባያውቅም ዓይኑ መጀመሪያ መኮንኑ ላይ ያርፋል።

ባንዲራው ላይ ጊዜ አትሰስቱ። የእውነተኛው ባንዲራ ጎን ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋ ነበር፤ በእኛ መጠን ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የ44ኛው የሬጅመንት ባንዲራ መደቡ ቢጫ ነው። በሰልፉ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ሰፊው እሱ ስለሆነ ተመልካቹ ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው።

ፊቱንስ? ከኳስ ሜዳው ማዶ የጓደኛችሁን ዓይን አላያችሁም፤ ስለዚህ አትቀቡት። የሥጋውን ቀለም ቀቡ፣ ዋሹን አፍስሱ፣ ከዚያ አፍንጫውን፣ ጉንጮቹንና አገጩን በፈካ ቀለም ንኩ። የዓይኑ ጎድጓዳ ጥላ ይዞ ስለሚቀር ተመልካቹ ዓይን ያየ ይመስለዋል። ነጭና ጥቁር ነጥብ አድርጋችሁ ዓይን ከሠራችሁ ግን ሃያ አራቱም የደነገጡ ይመስላሉ።

መሬቱና የመጨረሻው ቅብ

ምስሎቹን ከቆርኪው አላቅቁና መቆሚያቸው ላይ ለጥፉ። መቆሚያውን ኮላ ቀብታችሁ ደቃቅ አሸዋ ነስንሱበት፤ ሲደርቅ ቡናማ ቀቡትና በደረቅ ብሩሽ አፍኩት። ሃያ አራቱም አንድ ዓይነት መሬት ላይ ሲቆሙ በቀለም አቀባባቸው ላይ ያለው ጥቃቅን ልዩነት ይደበቃል።

የመጨረሻው መከላከያ ቫርኒሽ ነው፤ የማያብለጨልጨውን ዓይነት ምረጡ። ለምን? ደጅ ካለ ሻካራ ድንጋይ ላይ ውሃ አፍስሱና ተመልከቱ። ድንጋዩ ይጠቁራል፣ ያበራልም። ውሃው ሻካራውን ሞልቶ ገጹን ስላለሰለሰው ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለሳል። አብለጭላጭ ቫርኒሽም ይህንኑ ያደርጋል፤ የአምፖሉ ነጸብራቅ እናንተ የሠራችሁትን ጥላና ብርሃን ያጠፋዋል። የማያብለጨልጨው ግን ገጹን ሻካራ አድርጎ ብርሃኑን ይበትነዋል። በስፕሬይ የምትነፉት ከሆነ ዝናብ ባረጠበው አየር አትሞክሩት፤ እርጥበት ሲያገኘው ነጭ ጉም ይለብሳል።

ምስሎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ በሣጥን ይሸጣሉ። ከዚያ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ሣጥን አስመጡና ሞክሩ። ስትቀቡ አንድ ነገር አትርሱ። ምስሉን አፍንጫችሁ ሥር ይዛችሁ አትፍረዱበት፤ እዚያ ርቀት ላይ ጥሩ የተቀባውም አስቀያሚ ነው። ጠረጴዛው ላይ አቁሙት፣ አንድ ሜትር ራቁ፣ ከዚያ ወስኑ። አንዱን አሳምራችሁ ሃያ ሦስቱን ግራጫ ከምትተዉ፣ ሃያ አራቱንም በሦስት ቀለምና በአንድ ዋሽ ጨርሷቸው። ጠረጴዛው ማዶ ያለ ሰው የሚያየው ሰልፉን ነው።